የት ልውለድ? ከከተማው ዳር ለምትኖር ነፍሰ ጡር የጤና ጣቢያ፣ የመንግሥት ሆስፒታልና የግል ሆስፒታል ንጽጽር

አራት ኪሎ የምትኖር ነፍሰ ጡርና ቱሉ ዲምቱ የምትኖር ነፍሰ ጡር «የት ልውለድ?» ሲሉ ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። የአራት ኪሎዋ ዙሪያዋን ካሉት ሆስፒታሎች ልቧ የፈቀደውን ትመርጣለች። የቱሉ ዲምቱዋ ከሐኪሙ በፊት መንገዱን ታስባለች። ምጡ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢመጣ መኪና ከየት ይገኛል? ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም፤ ከአራተኛ ፎቅ ማን ደግፎ ያወርዳታል? ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ አስኮ፣ ወይም ወሰኑን ተሻግሮ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ያላችሁ ይህን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ቤት ውስጥ መውለድን ምርጫ ብዬ አልቆጥረውም። አብዛኛውም ሰው አይቆጥረውም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 ወሊድ 97ቱ ገደማ በጤና ተቋም እንደሚካሄድ አሳይቷል። በዚያው ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ቁጥሩ 871 ነበር። ብዙ ተለውጧል። እዚህ ከተማ ዳር ላለን የቀረው ጥያቄ የትኛው ተቋም፣ በምን አያያዝ የሚለው ነው።

«ጥሩ ነው» አይበቃም

ብዙዎቻችን ጎረቤት ጠይቀን ነው የምንመርጠው። ደግ እናደርጋለን፤ ከማስታወቂያ ጎረቤት ይሻላል። ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። «እዚያ ጤና ጣቢያ እንዴት ነው?» ስንላት «ጥሩ ነው፣ ተመስገን» ትለናለች። ልጇን ታቅፋ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ቤቷ የገባች ሴት ሌላ ምን ትበል? በሰላም መገላገሏ ሁሉን ይሸፍንባታል። ስለ ጩኸቱ፣ ስለተቀደደው መጋረጃ፣ ማደንዘዣው ሳይሠራላት ስለተሰፋችው ስፌት ብታነሳ ምስጋና ቢስ የሆነች ይመስላታል። በወሊድ እርካታ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ይህን ደርሰውበታል። እናቲቱ ገና ከተቋሙ ሳትወጣ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስና ወራት ቆይታ የምትሰጠው መልስ ይለያያል።

አንድ ቀን ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴን ስለወለደችበት ቦታ ጠየቅኳት። «ጥሩ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ማን አብሮሽ ነበር? አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠች። «ማንም። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ቆማ ነው ያደረችው። ድምፄን ትሰማለች፣ መግባት አትችልም።» ሲመረምሩሽስ ይነግሩሽ ነበር? «አይ፣ ይመጣሉ፣ ጓንት ያደርጋሉ፣ በቃ። ስንት እንደደረስኩ እንኳ የነገረኝ የለም። አንዷ ለሌላዋ ስትናገር ነው የሰማሁት።» ከዚያ ደግሞ አንዲት ሚድዋይፍ ግንባሯን እየጠረገች «አይዞሽ፣ እየጨረስሽ ነው» እንዳለቻት ስትነግረኝ ፊቷ በራ። ልጇ ያን ጊዜ ዓመት አልፎት ነበር። የዚያችን ሴት ስም ግን አልረሳችውም።

ስለዚህ ጥያቄሽን አድቅቂው። ስትደርሺ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትታዪ ስንት ሰዓት ቆየሽ? ምጥ ላይ ሆነሽ ሰው እንዲገባልሽ ተፈቀደ? ከመነካትሽ በፊት ተነገረሽ? አልጋው ላይ ሌሎች ያዩሽ ነበር? ስትሰፊ ተደነዘዝሽ? የጮኸብሽ፣ የተቆጣሽ አለ? ወጥተሽ ግዢ የተባልሽው ነገር ነበር? ሌሊት ነው ወይስ ቀን የወለድሽው? የመጨረሻዋን አትተያት። አንድ ቤት ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም።

ሴቷን የሚያስደስታት ምንድን ነው?

ካናዳዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሆድኔት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ወሊድ እርካታ የተጻፉ 137 ሪፖርቶችን ሰብስባ መረመረች። አራት ነገሮች ገነው ወጡ። ሴቲቱ አስቀድማ የጠበቀችው፣ ከባለሙያዎቹ ያገኘችው ድጋፍ፣ ከእነሱ ጋር የነበራት ግንኙነት፣ በውሳኔው ውስጥ መካተቷ። ሕመሙና የሕመም ማስታገሻው፣ የክፍሉ ማማርና የሕክምና ጣልቃ ገብነቱ ከነዚህ አራቱ ያነሰ ቦታ ነበራቸው። ይህን ሳነብ የጎረቤቴ ነገር ገባኝ። ያቺ ግንባሯን የጠረገችላት ሴት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሰጥታታለች።

አብሮ የሚሆን ሰው ጉዳይ ደግሞ ከስሜት ያልፋል። ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ምጥ ላይ ከጎኗ የማይለይ ደጋፊ ያላት ሴት በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፤ ምጧ ያጥራል፤ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፤ ስለ ወሊዷ ያላት መጥፎ ትዝታም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። እኛም አገር ጤና ሚኒስቴር «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። መፈክሩ ግድግዳ ላይ አለ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን የምታውቂው ግን ጠይቀሽ ነው።

ድሮ ቤት ውስጥ የወለዱ እናቶቻችን ዙሪያቸውን የከበበ ሰው ነበራቸው። «ማርያም፣ ማርያም» የሚል፣ ወገብ የሚያሽ፣ እጅ የሚይዝ። ያልነበራቸው ደምና መድኃኒት ነው። ዛሬ ደሙና መድኃኒቱ ተገኘ፣ ሰውየው በር ላይ ቀረ። ሁለቱንም በአንድ ቦታ ማግኘት እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው በዚህ ዓይን ነው።

ጤና ጣቢያ

የብዙ ሰው ግምት «ጤና ጣቢያ ለክትባትና ለጉንፋን ነው» የሚል ነው። ለጤነኛ እርግዝና ይህ ግምት ልክ አይደለም። ጤና ጣቢያ በተፈጥሮ መንገድ ያዋልዳል። ምጡ የሚመራው በሚድዋይፍ ነው። ደም ቢፈስ ማኅፀን የሚያኮማትር መርፌ ይሰጣል። ለግፊት ማንቀጥቀጥ ማግኒዥየም አለው። ልጁ መውጫው ላይ ቢዘገይ ጭንቅላቱን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ (ቫኪዩም) ይረዳል። የእንግዴ ልጅ ቢቀር በእጅ ይወጣል። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በፊኛና ጭምብል ይታገዛል። አብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች የማይሠሩት ኦፕራሲዮንና ደም መስጠት ነው። ይህ ልዩነት ነው መመዘን ያለበት።

ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ትውውቅ ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ነው። ክትትልሽን እዚያው ካደረግሽ ሚድዋይፎቹ ያውቁሻል። ስምሽን ይጠሩሻል። ካርድሽ እዚያው ነው። ወላዶች ስለማይበዙ አንዲት ሚድዋይፍ ከጎንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ልትቆይ ትችላለች። ሰው ማስገባትም ከትልቅ ሆስፒታል ይልቅ እዚህ ይቀላል። ገንፎ ገንፍቶ ለአራስ የሚያቀርብ ጤና ጣቢያም አለ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለወለደች ሴት ግን ትንሽ አይደለችም። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው አገልግሎት በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው።

ድክመቱ ሪፈር ነው። ምጡ ቢጠና፣ የልጁ ልብ ምት ቢዛባ ወይም ደሙ አልቆም ቢል ወደ ሆስፒታል ትላኪያለሽ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትመርጪ የምትመርጪው ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን አምቡላንሱንም ነው። በግልጽ ጠይቂ፦ አምቡላንሱ የራሳችሁ ነው? ሌሊት የት ያድራል? ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው የምትልኩት? አስቀድማችሁ ትደውላላችሁ ወይስ ወረቀት ይዛ ትሂድ ነው? «እንደውላለን፣ ሚድዋይፍ አብራ ትሄዳለች» ካሉሽ ጥሩ ቤት ነው። «ቤተሰብ መኪና ይፈልጋል» ካሉሽ ደግሞ ያን አውቀሽ ተዘጋጂ፣ አለዚያ ሌላ ምረጪ።

ወሰኑ ላይ ለምትኖሪ አንድ ነገር ልጨምር። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ሱሉልታና ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ጤና ጣቢያሽ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነና ወደየት ሪፈር እንደሚጽፍ ከወዲሁ እወቂ። ከቤትሽ በመስኮት የሚታየው ሆስፒታል የሪፈር ወረቀትሽ የሚጻፍበት ላይሆን ይችላል።

የመንግሥት ሆስፒታል

ኦፕራሲዮን፣ ደም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ስፔሻሊስት እዚህ አለ። በደቡብ በኩል ለአቃቂ ቃሊቲና አካባቢው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። በጀሞና በዓለም ገና በኩል ላሉት ዓለርት ይቀርባል። ጋንዲ መታሰቢያ በእናቶችና ሕፃናት የታወቀ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ፣ የካቲት 12፣ ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳም ያዋልዳሉ።

አንዳንዷ እናት እዚህ መምጣቷ የግድ ነው፤ አታመንቺ። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ከወለድሽ፣ መንታ ከሆነ፣ ልጁ ወደ መጨረሻው በቂጡ ወይም በአግድም ከተቀመጠ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ፣ ቀድሞ ስትወልጂ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ የእንግዴ ልጁ ታች ነው ከተባልሽ፣ የደም ማነስሽ ከባድ ከሆነ ሩጫውን ከጤና ጣቢያ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

የምትከፍይው ዋጋ መጨናነቁ ነው። ከአምስትና ስድስት አቅጣጫ ሪፈር የሚመጣበት ቤት ነው። ሚድዋይፏ ብትፈልግም ከጎንሽ መቆየት አትችልም፤ ከመጋረጃው ማዶ ሌላዋ እየጮኸች ነው። በብዙዎቹ ማዋለጃ ክፍሉ የጋራ ስለሆነ የሌሎችን ገመና ለመጠበቅ ሲባል ቤተሰብ አይገባም። ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ተማሪዎችም አሉ። መማራቸው የግድ ነው። ግን አንቺ ማስተማሪያ ዕቃ አይደለሽም። «እባካችሁ አንድ ሰው ብቻ ይመርምረኝ፣ ስማችሁንም ንገሩኝ» ማለት መብትሽ ነው። በትሕትና ግን በጽናት በይው። ባልሽ ወይም እህትሽ ይህን እንዲሉልሽ አስቀድመሽ አስጠኚያቸው፤ ምጥ ላይ ሆኖ መከራከር ያቅታል።

ከነፃው አገልግሎት ጎን ለጎን አንዳንዴ ከውጭ ግዙ የሚባል መድኃኒት ወይም ዕቃ አለ። ጥቂት ገንዘብ በእጅ ይኑር። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል ከሆንሽ መታወቂያውን ከካርድሽ ጋር አያይዢው።

እዚህ የሚያበሳጭ አንድ ነገር አለ። «ገና ነሽ፣ ሂጂና ተመለሺ» መባል። ከሙያ አንጻር ምክንያት አለው። ምጥ ጠነከረ የሚባለው የማኅፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲከፈት ነው፤ ከዚያ በፊት ገብቶ መተኛት አላስፈላጊ መርፌና ጣልቃ ገብነት ያመጣል። ሆኖም ካዛንቺስ ለምትኖር ሴት «ተመለሺ» ማለትና ለኮዬ ፈጬዋ ማለት አንድ አይደለም። ከየት እንደመጣሽ ንገሪያቸው። ግቢው ውስጥ እየተንሸራሸርሽ እንድትቆዪ ጠይቂ። በዚያ አካባቢ ዘመድ ካለሽ እዚያ እረፊ። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ጓዝሽን ይዘሽ እናት ቤት ወይም አክስት ቤት መግባት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ቤታቸው ለሆስፒታሉ ከቀረበ ከየትኛውም አምቡላንስ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የግል ሆስፒታል

ንጹሕ ክፍል፣ የራስሽ መታጠቢያ፣ ባልሽ ከጎንሽ፣ የምትመርጪው ዶክተር። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ አቅሙ ያላት ብትፈልጋቸው አይፈረድባትም። በአንዳንዱም ለምጥ ሕመም የወገብ መርፌ ይሰጣል። በመንግሥት ተቋም ለተፈጥሮ ምጥ ይህን አትጠብቂ።

ነገር ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠበቅ አድርገሽ የምትጠይቂያቸው አሉ።

መጀመሪያ ፓኬጁ። «ወሊድ ይህን ያህል ብር» ሲሉሽ ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይስጡሽ። አልጋ ስንት ቀን? ወደ ኦፕራሲዮን ቢዞር ስንት ይሆናል? ማደንዘዣ ሰጪው ለብቻው ያስከፍላል? የሕፃኑ ሐኪምስ? ልጁ ማሞቂያ ክፍል ቢገባ ሒሳቡ በቀን ነው፤ እሱ ነው ቤተሰብን የሚያራቁተው። ማሞቂያ ክፍል ጭራሽ ከሌላቸው ደግሞ ልጅሽ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይላካል፣ አንቺ እዚህ ልጅሽ እዚያ ትሆናላችሁ። ይህን ዕለቱ ላይ መስማት ከባድ ነው።

ቀጥሎ ዶክተሩ። ዘጠኝ ወር የተከታተለሽ ሐኪም በምጥሽ ሌሊት አለ ወይ? ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ቦታ ይሠራሉ። ተረኛው ማን ነው? ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ያድራል ወይስ ተደውሎለት ከቤቱ ነው የሚመጣው? ደምስ? ደም የሚመጣው ከደም ባንክ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ምን በእጃቸው አለ?

ኦፕራሲዮንን በሚመለከት ልጠንክር። ከላይ በጠቀስኩት የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገር ደረጃ ከ100 ወሊድ 2ቱ ገደማ በኦፕራሲዮን ሲሆኑ አዲስ አበባ ላይ 21 ያህል ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሕዝብ ደረጃ ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ የኦፕራሲዮን መብዛት የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት እንደማይቀንስ ይገልጻል። የግል ተቋማት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከመንግሥቱ ከፍ ይላል። ኦፕራሲዮን ሲያስፈልግ ሕይወት ነው፤ በአገር ደረጃ 2 ብቻ መሆኑ ራሱ ብዙ እናቶች ሳያገኙት መቅረታቸውን ያሳያል። ሳያስፈልግ ሲሠራ ግን ለሚቀጥለው እርግዝናሽ ጭምር መዘዝ አለው። «እዚህ ከሚወልዱት ከመቶው ስንቶቹ በኦፕራሲዮን ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ቁጥሩን የሚያውቅና የማይደብቅ ቤት አንድ ነጥብ አገኘ። «ልጁ ከበድ ብሏል፣ እትብት ዞሮበታል፣ ቀን ቆርጠን እናውጣው» ከተባልሽ ምክንያቱን አስረዱኝ በይ፤ ጊዜ ካለሽ ሁለተኛ ሐኪም አሳዪ። እትብት በአንገት መዞር ብቻውን ኦፕራሲዮን የሚያስገድድ ነገር አይደለም።

ክትትል በግል፣ ወሊድ በመንግሥት የሚያደርጉም አሉ። ያስኬዳል። የአልትራሳውንድና የደም ምርመራ ውጤትሽን በሙሉ በእጅሽ ያዢ፤ የደም ዓይነትሽን በቃልሽ እወቂ። መጨረሻ ላይም ቢሆን የምትወልጂበት ተቋም ሄደሽ ካርድ አውጪ። ባዶ እጇን ሌሊት የምትደርስ ሴት ስለራሷ ሁሉንም ከዜሮ ነው የምታስረዳው።

ሄደሽ እዪው

ከስምንተኛው ወር በፊት አንድ ከሰዓት ውሰጂና ያሰብሽውን ቦታ ጎብኚ። ማዋለጃ ክፍሉን ማየት እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ከገባሽ ቧንቧውን ክፈቺ። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ባዶ ከሆነ ሚድዋይፏ እጇን በምን ትታጠባለች? መጸዳጃ ቤቱን እዪ፤ የወለደች ሴት ሁለት ሰዓት ሳይሞላት ትሄድበታለች። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳል? በአልጋዎቹ መካከል መጋረጃው እስከ ጫፍ ይዘጋል? ለአጃቢ ወንበር አለ? ወንበር የሌለበት ክፍል ውስጥ «አጃቢ ይገባል» የሚለው ቃል ብዙ አያስተማምንም። የሕፃኑ ማሞቂያ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ዕቃ ተከምሮበት ነው ወይስ የመተንፈሻ ፊኛዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ ተዘጋጅቷል? ምጥ ላይ ያለች ሴት ካለች ፓርቶግራፉ፣ የምጡና የልጁ ልብ ምት የሚመዘገብበት ወረቀት፣ አልጋዋ አጠገብ እየተሞላ ነው? ይህን ሁሉ ስታዪ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። የጽዳት ሠራተኛዋን የምታመናጭቅ ነርስ አንቺንም ትከባከባለች ብዬ አልገምትም።

ሁለት ጥያቄ ለሚድዋይፏ። ተንበርክኬ ወይም በጎኔ መውለድ ይፈቀዳል? ልጁ የሚወጣበትን ቦታ ለሁሉም ሰው ነው የምትቀድዱት ወይስ ሲያስፈልግ ብቻ? ለሁሉም እንደ ልማድ መቅደድ ዛሬ አይመከርም። ሆድ ላይ ተጭኖ መግፋትም እንዲሁ።

እኔን ብትጠይቂኝ

ጤነኛ ከሆንሽ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ልጅሽ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን በሰላም ከወለድሽ፣ ጤና ጣቢያሽም የሌሊት ሚድዋይፍና የሚነሳ አምቡላንስ ካለው፣ እዚያው ውለጂ። ሁለተኛ ልጅ ቶሎ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ከመውለድ ቅርብ ቦታ ይሻላል። የመጀመሪያሽ ከሆነ ምጡ ብዙ ጊዜ ረጅም ስለሆነ ለመጓዝ ጊዜ ይሰጥሻል። ጤና ጣቢያሽ ከሆስፒታል ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ አሁንም እሱን አልጥልም። ከዚያ ከራቀ ሆስፒታል፣ የሚያስጠጋ ዘመድ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ። የግሉን የምመክረው ወጪው ኦፕራሲዮንና ማሞቂያ ክፍል ቢጨመርበትም ለማትበደሪ ነው። ተበድሮ ወልዶ አራስ ቤት ዕዳ መቁጠር ወተትም ያደርቃል ይላሉ እናቶች።

አደጋ የሆነ ነገር ካየሽ ምርጫው ሁሉ ይቀርና ሆስፒታል ብቻ ነው። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ።

መንገዱን ቀን ሳለ አዘጋጂው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር በ939 ይገኛሉ። በሰፈርሽ ሌሊት የሚነሱ ሁለት ባለ መኪኖችን ስልክ ያዢ፤ አንዱ ባያነሳ ሌላው ያነሳል። ብሎክሽንና መግቢያ በርሽን ለማያውቅ ሰው በስልክ እንዴት እንደምትናገሪ ከባልሽ ጋር ተለማመዱ። አዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ አምቡላንስ ብሎክ ሲፈልግ ጊዜ ያልቃል። አንድ ሰው ዋናው በር ላይ ወጥቶ በስልኩ መብራት ያሳይ። ደረጃውንም አስቢው፤ ምጡ ሳይጠና ውረጂ፣ በየወለሉ ዕረፊ።

ከወለድሽ በኋላ አትቸኩዪ

አልጋ ይፈለጋል ተብሎ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሂጂ የሚባልበት ቦታ አለ። ምክሩ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ነው፤ አደገኛው የደም መፍሰስ በብዛት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቤትሽ ሩቅ መሆኑን ደግመሽ ንገሪያቸው። ልጁ ወዲያው ደረትሽ ላይ ይደረግ፣ እንገሩን ይጥባ፣ ገላውን ለመታጠብ 24 ሰዓት ይቆይ። ሳትወጪ ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታውን መውሰዱን፣ ካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጪ። ቀጣዩ መታየት በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ለነዚህ ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ የትም ውለጂ የት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ድረስ ትመጣለች፣ መውለድሽን አስነግሪያት።

የተበደልሽ እንደሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ጽፈሽ ለተቋሙ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ክፍሉ ስጪ። ባልሽ ይውሰደው፣ አንቺ አራስ ነሽ። በደንብ የያዘችሽን ሚድዋይፍም ስሟን ጠቅሰሽ ጻፊላት፤ አለቃዋ ዘንድ የሚደርስ የምስጋና ወረቀት እዚያ ቤት ብዙ አይገኝም።